ዝናብ ሲነካው የሚያፈስ ካርቡራተር

ጋራዥ የገባሁ ቀን ሥራዬ ብሎን ማጠብ ነበር። ኡስታ ሰይድ አንድ ሳፋ ሙሉ የዛገ ብሎን፣ ናፍጣ የተሞላ ጣሳና የሽቦ ብሩሽ ከፊቴ አስቀመጡና «ሲያበራ ጥሪኝ» ብለው ሄዱ። አበራልኝ ብዬ ጠራኋቸው። አንዱን አንስተው ጥርሱን በጥፍራቸው ፈተጉት፤ ጥፍራቸው ጠቆረ። «አላበራም» አሉና ተመልሰው ሄዱ።

ኡስታ ማለት በሱዳን የእጅ ባለሙያ መጠሪያ ነው። ኡስታ ሰይድ ገና በልጅነታቸው ከመተማ የተሻገሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ጎንደር ይጀምርና ገዳሪፍ ያልቃል። ሲቆጡ ሙሉ በሙሉ ዓረብኛ ይሆናሉ፤ ስለዚህ መቆጣታቸውን ለማወቅ ቋንቋቸውን መስማት ይበቃል።

እኔ የመጣሁት ሰሊጥ ለማረም ነው። ገንዳ ውኃ ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከቤት መቀመጡ ስላንገበገበኝ ከአጎቴ ልጆች ጋር ተሻገርኩ። የአረም ወቅት ሲያልቅ ለሴት ሁለት ሥራ አለ አሉኝ፤ ሻይ መሸጥና ሰው ቤት ማገልገል። ሁለቱንም ሞከርኩ። ከሁለቱም ተባረርኩ። ያባረረኝ ምላሴ ነው። ሻይ ጠጪው «ስኳር አንሷል» ሲለኝ «አራት ማንኪያ ነው ያደረግሁልህ፣ አምስተኛውን ሐኪም ይስጥህ» የምል ሰው ነኝ።

በጋራዡ በር ሳልፍ ግን ሁልጊዜ እቆም ነበር። አንድ ቀን ገባሁና ሥራ ጠየቅሁ። ኡስታ ሰይድ ከመኪና ሥር አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ።»

«ብሎንስ ታነቢያለሽ?»

«አስተምሩኝና አነባለሁ።»

ሳፋው የመጣው ያኔ ነው። ኋላ ስገነዘብ ብሎን ማጠብ እውነትም ንባብ ነበር። ጥርሱ የተበላ፣ የተጣመመ፣ ያለ ቦታው በግድ የገባ ብሎን ታሪኩን ይናገራል። ለዚያ ሳፋ አመሰግናቸዋለሁ። ያኔ ግን አላመሰገንኳቸውም፤ ተሳደብኩ፣ በሆዴ።

የእኛ ጋራዥ ማዕረግ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አጣቢ ትሆናለህ። ቀጥሎ ቁልፍ አቀባይ። ከዚያ ፈቺ፤ ፈቺ መፍታት እንጂ መግጠም አይፈቀድለትም። ከዚያ ገጣሚ። ከገጣሚ በላይ ኡስታ ብቻ ነው። መኳንንት የሚባል የቋራ ልጅ ገጣሚ ነበር፤ ይህንንም በየቀኑ ያስታውሰኝ ነበር።

«ስንዱ፣ ጥፍርሽ አለቀ እኮ። ማን ያገባሻል?»

«አንተ ጥርስህ አልቆ አግብተህ የለም እንዴ?»

እንዲህ እየተባባልን ዋልን፣ ከረምን። ክፉ ልጅ አልነበረም። ፍሪሲዮን ማስተካከልን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ እየሰደበኝ።

የሐጃ አምና ላንድሮቨር የመጣችው እኔ ፈቺ በሆንኩበት ዓመት፣ ኸሪፍ ሊገባ ሲል ነው። ኸሪፍ የሱዳን ክረምት ነው። ሐጃ አምና አዋላጅ ናቸው። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሐጃ ይባላሉ። መኪናዋን ራሳቸው ነው የሚነዷት። አሮጌ ናት፤ ከእኔም ከመኳንንትም ትበልጣለች፤ አካሏ ተጠጋግኖ ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ሆኗል።

የገዳሪፍን ዋልካ አፈር ያላየ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። በበጋ እንደ አስፋልት የሚጠነክረው ሜዳ ዝናብ ሲመታው ሙጭጭ አድርጎ የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። ረክሻ የሚሉት ባጃጅ የለ፣ ሚኒባስ የለ። በዚያ ወቅት ከየእርሻው ምጥ የያዛትን ሴት የምታወጣ አንዲት መኪና ብትኖር የሐጃ ላንድሮቨር ነበረች።

ሐጃ ወርደው ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ሰይድ፣ ይቺ ልጅ ቤንዚን ትሸታለች» አሉ።

ትሸት ነበር። ካርቡራተሩ ሥር ጠብታ ነበር። ከዚያ ሥር ደግሞ የጭስ ማውጫው ብረት ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ እንደ ምድጃ ይግላል። ኡስታ ሰይድ ጠብታውን አዩ፣ ብረቱን አዩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወንበሩ ዞሩ። ፍራሽ ተነጥፎበታል።

«አንድ ቀን ሰው እንደተኛበት በእሳት ትያያዛለች» አሉኝ ቀስ ብለው በአማርኛ፣ ሐጃ እንዳይሰሙ።

መጀመሪያ ማንም የሚያደርገውን አደረግን። ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ገንዳ አለች። በውስጧ ተንሳፋፊ አለ፤ ገንዳዋ ስትሞላ ከፍ ይልና በመርፌ ቤንዚኑን ይዘጋል። መርፌው ካለቀ ቤንዚኑ ገደብ ያጣና ይፈሳል። እኔ ክዳኑን ፈታሁ። ኡስታ ተንሳፋፊውን ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት፤ ውስጡ ቤንዚን ገብቶ ቢሆን ይሰማ ነበር፣ አልተሰማም። መርፌው ጫፉ ተበልቶ ቀለበት ሠርቷል። ለወጡት። ጓርኒሲዮኑንም፣ በሁለት ብረት መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ከወረቀት አዲስ ቆረጡለት። ሁሉንም በቤንዚን አጥበን፣ መኳንንት ገጠመው። አንድም ጠብታ የለም። ሐጃ መርቀውን ሄዱ።

የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ሐጃ ተመልሰው መጡ። «ታፈሳለች» አሉ።

ኮፈኑን ስንከፍት ጭቃው ደርቋል፤ ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ሞተሩም ደረቅ ነው። የላንድሮቨር የቤንዚን ፓምፕ በእጅ የሚነቀነቅ ትንሽ ዘንግ አለው፤ ሞተር ሳይነሳ ቤንዚን ወደ ካርቡራተሩ ይገፋል። እኔ ነቀነቅሁ፣ ኡስታ በባትሪ መብራት አዩ። ምንም የለም። ሐጃን መለስናቸው። ሌላ ዝናብ ዘነበ፤ አሁንም መጡ፤ አሁንም ደረቅ ነው።

መኳንንት ሳቀ። «ይቺ መኪና እኛን ስታይ ጨዋ ትሆናለች፤ ልክ እንደ አንዳንድ ሰው።»

«አንዳንድ ሰው ማን ነው?»

«ስም አልጠራሁ።»

ሐጃ ግን አልሳቁም። «የመርፌው ጠብታ ሌላ ነበር፤ ወትሮ በበጋ አታፈስም፤ በኸሪፍ ነው የምታፈሰው» አሉ። «ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ በየዓመቱ እንዲህ ናት። ስለናፈቃት መስሎኝ ነበር።»

ኡስታ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በኸሪፍ ብቻ።

«ኡስታ፣ የምታፈሰው ዝናብ ሲመታት ከሆነ ዝናብ እናምጣላት» አልኩ።

«ሞተር ላይ ውኃ? አብደሻል እንዴ፣ ያ ቢት?» ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ ማለት ነው። ወደ ዓረብኛ እየተሻገሩ ስለነበር ቶሎ ቶሎ አስረዳሁ። ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ ባትሪውን እፈታለሁ፤ እሳት ማከፋፈያውን በፌስታል አስራለሁ። ሐጃ «ተዋት፣ ታድርግ» ባይሉ ኖሮ አይፈቅዱልኝም ነበር። ሐጃ መኪናዋን ትተው ገበያ ሄዱ።

ጨርቅ በውኃ ነክሬ ካርቡራተሩን እንዳለ ጠቀለልኩት፣ ከላይ እስከ ታች። ምሳ በላን። ስንመለስ ጨርቁን አነሳሁና ያንን ዘንግ ነቀነቅሁ። ከገንዳዋ በስተጀርባ፣ ወደ ሞተሩ በዞረው ጎን፣ ዝቅ ብሎ አንድ ጠብታ ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛ።

ጣቴን ሰድጄ ነካሁት። ጣቴ ተጣበቀ። ቤንዚን ደግሞ አያጣብቅም።

በጥፍሬ ስፍቀው ከጥላሸቱ ሥር ማር የመሰለ ነገር ተነሳ። ወዲያው አወቅሁት። እኛ ቆላ ያደግን ልጆች ከግራር ላይ ለቅመን ያኘክነው፣ የደብተር ልባስ ያጣበቅንበት ነው። ሙጫ! ሱዳኖች ሰምግ ይሉታል። ተፍቆ ሲያልቅ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች።

ለምን እንዳላየነው ያኔ ገባኝ። ጋራዥ ውስጥ ካርቡራተር በቤንዚን እንጂ በውኃ አይታጠብም። ሙጫ ደግሞ ቤንዚን አያሟሟውም። በበጋ ድንጋይ ሆኖ ይዘጋል። ኸሪፍ ላይ ጭቃና ዝናብ ሲያረጥበው ይለሰልሳል፣ ያፈሳል። እኛ ጋ እስኪደርስ ፀሐይ ያደርቀውና ይዘጋል። እኛም እያጠብን፣ እየፈተሽን፣ ደህና ነው እያልን እንሰዳለን።

ሁለት የሻይ ብርጭቆ አመጣሁ። አንዱ ውስጥ ውኃ፣ አንዱ ውስጥ ቤንዚን። ከተፋቀው ሙጫ በእያንዳንዱ ትንሽ ጨመርኩ። መኳንንት «ለእኔ ሦስተኛውን በሻይ አምጭልኝ» አለ። አመጣሁለት፤ ኩራቱ ግን ትንሽ ቀነስ ያለ መሰለኝ።

ሐጃ ከገበያ ሲመለሱ ኡስታ ሰይድ ነገሩን አዟዟሩት። «ሐጃ፣ እንግዲህ ዕቃ ነውና፣ ያረጃል፣ አላህ ካለ...» እያሉ ጀመሩ። እኚህ ሰው ሞተር ሲያወርዱ አይፈሩም፤ ለአንዲት ባልቴት የሟች ባሏ ሥራ ልክ አይደለም ብሎ መናገር ግን ከአፋቸው አልወጣ አለ። ስንጥቁን በሙጫ የደፈኑት ሟቹ መሆናቸውን አውቀዋል። ሰውየው የሙጫ ነጋዴ ነበሩ።

ሐጃም አወቁ። ሙጫውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ይኼን እሱ በእጁ ነው የዘጋው። ከሰል ላይ አቅልጦ፣ እኔ መብራት ይዤለት። ማን ፋቀው?»

«እኔ» አልኩ።

«ማን ፍቂ አለሽ?»

«ማንም። ሐጃ፣ አንቱን መዋሸት አልችልም። ይኼ እሳት ነው። አንቱም ይቃጠላሉ፣ ከኋላ የተኛችውም ትቃጠላለች።»

ኡስታ ሰይድ «ስንዱ!» አሉ። ያን ቀን ከጋራዡ የምባረር መሰለኝ። ሦስተኛ ሥራዬን ምላሴ በላው አልኩ። ግን አላቆምኩም። ሁለቱን ብርጭቆ አንስቼ አሳየኋቸው። በቤንዚኑ ውስጥ ያለው እንደገባ ነው። በውኃው ውስጥ ያለው ተልፈስፍሶ ውኃውን አደብዝዞታል።

ሐጃ የውኃውን ብርጭቆ ተቀብለው ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «እሱ እኮ በኸሪፍ አይነዳትም ነበር» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ሙጫ የሚለቀመው በበጋ ነው። በኸሪፍ እሱ ቤቱ ተቀምጦ ነበር የሚከርመው። መኪናዋም ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ። በኸሪፍ መንዳት የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ እሳቸው አልተሳሳቱም» አልኩ። «ለእሳቸው ሥራ ልክ ነበር። ለአንቱ ሥራ ነው የማይሆነው።»

ይህን የተናገርኩት ለማጽናናት አይደለም፤ እኔ ማጽናናት አልችልበትም። እውነቱ እሱ ስለነበር ነው። ሐጃ ግን ብርጭቆውን መለሱልኝና «ለውጪው» አሉ። ለኡስታ አልነበረም፣ ለእኔ ነው።

እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ አይበየድም፤ የካርቡራተሩ ብረት ስስ ነው፣ እሳት ሲነካው ይፈርሳል። ሌላ መግዛት ነበረብን። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ግን ከካርቱም ዕቃ አይመጣም። ኡስታ ሰይድ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና «ከሰላ ሂጂ። የሚመስለውን አምጭ። የሚመስል ያልኩት መልኩን አይደለም» አሉ። ብቻዬን ለዕቃ ስላክ የመጀመሪያዬ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ጥቅሉን እንደ ሕፃን አቅፌ ሄድኩ።

ከሰላ ያለው ነጋዴ ትግርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ነው፤ ሱቁ እስከ ጣራው ድረስ የተፈታ መኪና ነው። «ጓለይ፣ የላከሽ ሰው የት አለ?» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው።

«የላከኝ ገዳሪፍ ነው። የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሦስት አወረደልኝ። አንደኛው የሚቀመጥበት የብሎን ቀዳዳ አልገጠመም። ሁለተኛው ገጠመ፤ ግን የአየር መክፈቻውን ዘንግ ስነቀንቀው ይወዛወዛል፤ እንዲህ ያለው አየር ይሰርቃል፣ ሞተሩ አይረጋም። ሦስተኛውን ገልብጬ በቤንዚን መግቢያው በአፌ ነፋሁ፤ ሲገለበጥ መርፌው መዝጋት አለበት፣ ዘጋ። ቀና አድርጌ ነፋሁ፤ አለፈ። ቀጥሎ ውኃ ለመንኩት።

«ጠምቶሽ ነው?»

«ላጥበው ነው።»

«በውኃ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠራ፣ ጉድ እንዲያይ። አጠብኩት፣ ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት። የሚያጣብቅ ነገር የለም። ወሰድኩት።

ስመለስ ኬላ ላይ ወታደር ቦርሳዬን አስከፈተኝ። «ቤንዚን ይሸታል። ምንድን ነው?»

«ካርቡራተር።»

«የማን?»

«የአዋላጅ።»

አገላብጦ አየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔ ሞተር ሳይክል ጠዋት ጠዋት እንቢ ይለኛል» አለኝ። ካንዴላውን ፈትቶ ጥቁር ይሁን ነጭ እንዲያይ፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን እንደበዛበት ነገርኩት። «ያላ፣ ሂጂ ኡስታ» ብሎ አሳለፈኝ። ሲቀልድ ነው። ቢሆንም ኡስታ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ስሙን እንኳ አላውቅም።

ጋራዥ ስደርስ ዕቃውን ለመኳንንት ዘረጋሁለት፤ ገጣሚ እሱ ነውና። ኡስታ ሰይድ ከሩቅ «እሷ ትግጠመው» አሉ። መኳንንት ቁልፉን አቀበለኝ። ቁልፍ አቀባይ ሆነ፣ ለአንድ ቀን።

ባትሪውን ፈታሁ። አሮጌው የተነቀለበትን የቤንዚን ቱቦ አፍ በእንጨት ደፈንኩት። ካርቡራተሩ የሚቀመጥበትን የሞተሩን ፊት አሮጌው ጓርኒሲዮን እስኪጠፋ ፋቅሁት፤ ፍርፋሪ እንዳይገባ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌ። አዲሱን ጓርኒሲዮን ኡስታ እንዳሳዩኝ አወጣሁ፤ ወረቀቱን ብረቱ ላይ አንጥፎ ዳር ዳሩን በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት፤ ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል። ጨርቁን አውጥቼ ካርቡራተሩን አስቀመጥኩ። ብሎኖቹን አንዱን ትንሽ፣ ማዶኛውን ትንሽ፣ እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ። መኳንንት አንዴ ብቻ «በቃ» አለኝ። ልክ ነበር፤ ከዚያ በላይ ባጠብቀው ፊቱ ይጣመም ነበር።

ሐጃ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያዩ ነበር። ቱቦውን መልሼ የፓምፑን ዘንግ ነቀነቅሁ፣ ገንዳዋ ሞላች። ሥሩ ነጭ ሶፍት አነጠፍኩ። ደረቅ ነው። ከዚያ እሳት ማከፋፈያውን በፌስታል አስሬ ካርቡራተሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ምሳ በላን። ሐጃም አብረውን በሉ። ጨርቁን አንስቼ ሶፍቱን ለወጥኩ፣ ነቀነቅሁ። ደረቅ ነው። ባትሪውን መልሼ አስነሳኋት። መጀመሪያ ተናነቃት፤ የቤንዚን መቆጣጠሪያዋን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ ድምፁ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ረጋ።

አሮጌውን ሐጃ ወሰዱት። ጥለውት ይሆን አስቀምጠውት አልጠየቅሁም።

ያ ኸሪፍ ከባድ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ገና ሳያባራ የላንድሮቨሯ ጡሩንባ ከበር ላይ ጮኸ። ሮጬ ወጣሁ። እስከ መስኮቷ ጭቃ ናት። ሐጃ መሪውን እንደያዙ ሞተሩን አጠፉና «ቶሎ! ደረቅ መሆኑን እይልኝ» አሉኝ። ከኋላ አንዲት ሴት ተኝታለች። «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ ድምጿ የእኛ አገር ነው፣ ለአረም የመጣች ትሆናለች። ኮፈኑን ከፈትኩ። ውኃ ከየቦታው ይንጠባጠባል። እጄን ከካርቡራተሩ ሥር አስገብቼ ዳሰስኩ፣ አሸተትኩ። ውኃ ብቻ ነው። አያጣብቅም፣ አይሸትም።

«ደረቅ ነው፣ ሐጃ! ይሂዱ!»

«ያላ» አሉና አስነስተው ወደ ሆስፒታል ነዱ። እኔ ከነዝናቡ ቆሜ ቀረሁ። ኡስታ ሰይድ ከበሩ ሆነው «ግቢ እንጂ፣ ትርሻለሽ» አሉኝ፤ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ።

አሁን ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ያሉ ሴቶች ልጆች ሥራውን ለመልመድ እኛ ጋራዥ ይመጣሉ፤ ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። የመጀመሪያ ቀናቸው ሳፋ ነው። ኡስታ ሰይድ ለሰጡኝ ሳፋ፣ መኳንንት ላቀበለኝ ቁልፍ፣ ሐጃ «ለውጪው» ላሉኝ ቃል ምስጋናዬ ይኸው ነው። ከዚያች መኪና የያዝኩት ትምህርትም አጭር ነው። መኪና ሲመጣ በየትኛው ወቅት፣ በምን መንገድ፣ ለምን ሥራ እንደሚነዳ ጠይቁ። ከዚያ እዚያው ሁኔታ ውስጥ አስገብታችሁ ፈትሹት። ኮፈኑን የምትከፍቱት ከጠየቃችሁ በኋላ ነው።